ገና ለሽያጭ ያልወጣ ቤት

የአያ ፀጋውን ሞት የሰማሁት ወልድያ ላይ ቆርቆሮ ሳስጭን ነው። ደውላ የነገረችኝ ጎረቤቴ ዝናሽ ናት። «አያ ፀጋው ዐረፉ፤ ቀብሩ ዛሬ ነው። ትደርሺ ይሆን?» አለችኝ። መንገዱን አሰብኩት። እንኳን ጭነት ይዤ ባዶ እጄንም ብሆን የምደርስ አልነበረም። ሰቆጣ የገባሁት በማግሥቱ ረፋድ ላይ ነው። ቆርቆሮውን ሳላስወርድ፣ የመንገዱን አቧራ ሳላራግፍ በቀጥታ ወደ ለቅሶው ድንኳን ሄድኩ።

ከተማችን ትንሽ ናት፤ በእኔና በአያ ፀጋው መካከል የሆነውን የማያውቅ ሰው እዚያ ድንኳን ውስጥ አልነበረም። ታለቅስ ይሆን ወይስ አፏን ልትከፍት ነው የመጣችው ብለው በዐይናቸው ተከተሉኝ። ሁለቱንም አላደረግሁም። ልጃቸው ሙሉ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «አባቴ እኮ ይወዱሽ ነበር» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። የማይወደኝ ሰው ቢያደርገው ኖሮ ረግሜው እረሳው ነበር።

ሰዎች ዛሬም «እንዴት እንደዚያ አመንሻቸው?» ይሉኛል። እንዴት እንዳመንኳቸው ለማስረዳት፣ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ መናገር አለብኝ።

አያ ፀጋው የቤት ደላላ ነበሩ። ደላላ ስላችሁ ግን መናኸሪያው አጠገብ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ስልኩን እያገላበጠ ሻጭና ገዢ የሚጠብቀውን እንዳታስቡ። እሳቸው አንድ ቦታ ተቀምጠው አያውቁም። ረዥም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። በጋ ከክረምት ከአሮጌ ካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ሁለት እጃቸውን ዱላው ላይ አንጠልጥለው ከተማውን ከላይ እስከ ታች ሲዞሩ ይውላሉ። ሲሄዱ የሚያዩት ጣራ ነው።

«ክረምት እየመጣ ጣራውን ያልጠገነ ሰው» ይሉኝ ነበር፣ «ወይ ገንዘብ የለውም፣ ወይ እዚያ ቤት ውስጥ የሚከርም አይመስለውም። ገንዘብ ከሌለው እንጸልይለት። የሚከርም ካልመሰለው ግን ሄደን ደህና ዋልህ እንበለው።»

«የሚሸጥ ቤት» ተብሎ የተለጠፈበትን በር ዞር ብለው አያዩትም። «እሱማ አለቀ» ይላሉ። «ወሬው መናኸሪያ ከደረሰ በኋላ ግዢ አይባልም፣ ግፊያ ነው። እኔ የምፈልገው ባለቤቱ ለሚስቱ እንኳ ገና ያልነገራትን ነው።»

ባለቤቱ ለሚስቱ ያልነገራትን እሳቸው ከየት ይሰሙታል? ለቅሶ ይደርሳሉ፤ በሽተኛ ይጠይቃሉ፤ የተጣሉ ባልና ሚስት ሲታረቁ ሽማግሌ ሆነው ይቀመጣሉ። ስኳርና ሻይ ቅጠል በፌስታል ቋጥረው ልጆቿ ሁሉ ዓረብ አገር የሄዱባትን ሴት «እንዴት ከረምሽ» ይሏታል። ማዘጋጃ ቤት ሲገቡ እንደ ጸሐፊ ያማረ አማርኛ ይናገራሉ፤ ከሽማግሌዎች ጋር ሲሆኑ ግን በዋግ አገውኛ፣ በኽምጣና ነው ጨዋታቸው። እኔ ከእናቴ ቁጣ የተረፈ ጥቂት ኽምጣና ነው የማውቀው። ሽማግሌዎቹ በአማርኛ ደፍረው የማይናገሩትን፣ የልጅ ናፍቆቱን፣ የጉልበት ሕመሙን፣ ሌሊቱ እንዴት እንደሚረዝም፣ በእናታቸው ቋንቋ ለአያ ፀጋው ያወሯቸዋል። ከዚያ ወሬ ውስጥ ውሎ አድሮ ቤት ይወጣል።

የተዋወቅነው ከሳውዲ በተመለስኩ ሰሞን ነው። ያረጁ ቤቶች እየገዛሁ፣ አድሼ ለመንግሥት ሠራተኞች ላከራይ፣ ሲሆንልኝም አትርፌ ልሸጥ አስቤ ነበር። የመናኸሪያ ደላሎች «ከዓረብ አገር የመጣች» ብለው ሌላ ሰው ዐይቶ የተወውን ሁሉ ያዞሩኛል። አንድ ቀን አንዱን ቤት ወድጄው፣ ቀብድ ልሰጥ በሩ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ሽማግሌ ከመንገዱ ማዶ ጠሩኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ልብስ ሰፊ ነበር።

«እንዴ! ይህን ካፖርት እኮ የጠገነልኝ እሱ ነው» ብለው እጅጌያቸውን ገልብጠው ስፌቱን አሳዩኝ። እውነት ይሁን የደላላ ጨዋታ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግድግዳውን በእጅሽ ዳብሽው፤ በቀለም ሸፍነውት ነው እንጂ እስከ መሠረቱ ተሰንጥቋል። ወደ ቤትሽ ሂጂ» አሉኝ። ዳበስኩት። እንዳሉትም ነበር። ስመለስ ልታመሰግነኝ ይገባል ብለው የቆሙ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ዱላቸውን አጋድመው ሄደዋል።

በነጋታው ፈልጌ አገኘኋቸው። እንዲህ ነው አብረን መሥራት የጀመርነው።

መጀመሪያ የገዛነው የአባ ወልዱን ቤት ነው። አባ ወልዱ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው የተበተኑባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ቤታቸው ሙሉ በሙሉ በድንጋይ የተሠራ ነበር። አያ ፀጋው እየወሰዱ ያስቀምጡኛል፤ ከመግባታችን በፊት «ስለ ቤት አንዲት ቃል እንዳይወጣሽ» ይሉኛል። አይወጣኝም፤ ግን ትዕግሥቴ ያልቃል። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። አያ ፀጋው የሽማግሌውን የተንጋደደ የግቢ በር ጠገኑ፤ ከሐኪም ቤት መድኃኒት አመጡ፤ ስለ ድሮ ሰዎች አወሩ። አንድ ቀን አባ ወልዱ ራሳቸው «ፀጋው፣ ለመሆኑ ይህን ቤት የሚገዛ ሰው ይገኝ ይሆን?» አሉ።

«ምነው አባ? ወዴት ሊሄዱብን?» አሉ አያ ፀጋው፣ ጭራሽ ያላሰቡት ነገር እንደሆነ ሁሉ።

ሽማግሌው ከልጃቸው ጋር መኖር እንደሚፈልጉ ተናግረው ዋጋ ጠሩ። የጠሩት ዋጋ በልጅነቴ የሰማሁት ዓይነት ነበር። ልቤ በደስታ ዘለለ። አያ ፀጋው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አባ፣ ይህ የድሮ ዋጋ ነው። በዚህ ከሸጡ ልጅዎ ይታዘበኛል» አሉና፣ እኔ እየሰማሁ፣ ከፍ አድርገው ተናገሩ።

ስንወጣ ተናድጄ «ለማን ነው የሚሠሩት እርስዎ?» አልኳቸው።

«ለሁለታችሁም» አሉኝ። «ይህ ሰውዬ ልጁ ቤት ተቀምጦ "ፀጋው በላኝ" እያለ እንዲኖር አልፈልግም። ነገ ሌላ ቤት ስንሄድ በር የሚከፈትልን ዛሬ በሠራነው ነው።»

ያን ቀን ንዴቴ ሲበርድ ኮራሁባቸው። የአባቴን ያህል ማክበር የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ እዚሁ ዋግ ውስጥ እስካለው ዝቋላ ወረዳ ድረስ ሄድን። ከተማ ውስጥ ባለቤትየዋ የሞተችበት ዝግ ቤት ነበር፤ ወራሹ ልጇ ቢራራ ዝቋላ ፍየል ያረባል ተባለ። መኪና የሚደርስበት ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ሄደን ፀሐይዋ ልታዘቀዝቅ ስትል አገኘነው። ተቀበሉን፣ እግራችንን አጠቡን፣ ጠላ ቀረበ። አያ ፀጋው ስለ ፍየል ጀመሩ። የታመመች ፍየል አስመጥተው አፏን ከፍተው አዩ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ገበያው አወሩ። እኔ እግሬ ቆስሎ እቁነጠነጣለሁ። በመጨረሻ የቢራራ ሚስት መቻል አቃታትና «ለመሆኑ ከሰቆጣ ድረስ እዚህ የመጣችሁት ፍየል ልታክሙ ነው?» አለች። ሁላችንም ሳቅን። አያ ፀጋውም ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁና «የእናታችሁ ቤት ጣራው ሊደረመስ ነው፤ ማንም ሳይነግራችሁ ቢቀር ብለን ነው» አሉ።

«ታዲያ ለምን አትገዙኝም?» አለ ቢራራ።

ስንመለስ ጉልበታቸው ደከመባቸው። አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። እዚያ ነው ስለ ልጃቸው የነገሩኝ። የሙሉ ታናሽ የሆነ ወንድ ልጅ ነበራቸው። በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ሳውዲ ሊገባ ወጥቶ ድምፁ ጠፋ። መሞቱን ያየ የለም፤ ደርሷል ያለም የለም።

«እርም እንኳ አላወጣሁም» አሉኝ። «ስልክ በጠራ ቁጥር እሱ ይመስለኛል። አንቺን ሳይሽ፣ የሺ፣ ሄዶ የሚመለስም አለ እላለሁ። ለዚህ ነው የምወድሽ።»

እጃቸውን ሳምኩ። ጋቢያቸውን ተሸክሜላቸው እስከ መኪናው ወረድን።

እንግዲህ እኚህን ሰው ነው ያመንኳቸው።

የእናቴ ቤት ከገበያው አፋፍ ላይ ነበር። አባቴ የልብስ ስፌቱን የሠራበት ትንሽ ሱቅ በመንገዱ በኩል፣ ከኋላ ደግሞ መኖሪያውና ሰፊ ጓሮ አለው። ባንክ ቤቱም መንገዱም ወደዚያ ከመጣ ወዲህ ስንቱ ነጋዴ ተመኝቶታል። እናቴ «ከዚህ የምወጣው በአልጋ ነው» ብላ ሁሉንም ከበር ትመልስ ነበር፤ ደግሞ የሚደፍራት አልነበረም። አያ ፀጋው እኔን ፈልገው ሲመጡ በሩ ላይ ቆመው ጣራውን ሲያዩ አይቻቸዋለሁ። ልማዳቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

ታናሽ ወንድሜ ጌታሁን ከእናቴ ጋር ይኖር ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ሲያልፍ ሥራ የሚባል ጠፋ፤ እሱም ዓረብ አገር ካልሄድኩ ብሎ አስቸገረ። ገንዘብ ስጪኝ ይለኛል፣ በባሕር እንዳትሄድ እለዋለሁ፣ እንጣላለን። ይህን ሁሉ ለአያ ፀጋው አወራቸው ነበር። «እርስዎ ይምከሩልኝ፤ የልጅዎን ነገር ይንገሩት» አልኳቸው። እሺ አሉኝ። ሌላም ነገር ነገርኳቸው። እኔ ሳውዲ ሳለሁ እናቴ ለጌታሁን ውክልና ሰጥታው ነበር። ግብር እንዲከፍልላት፣ ማዘጋጃ ቤት እንዲመላለስላት ብላ ነው፤ ጽሑፉ ውስጥ ግን እንደተለመደው መሸጥ መለወጥም ገብቶበታል። «እናቴን ወስጄ ላሰርዘው ነው» አልኳቸው።

«ምን ያስቸኩልሻል?» አሉኝ። «ወንድምሽ አይደለም እንዴ? ልጁ ይከፋዋል።»

ብዙም ሳይቆይ እናቴ ታመመች። ኩላሊቷ ነው ተባለና ወደ ደሴ ሪፈር ተጻፈልን። መኪናው ላይ ያወጧት አያ ፀጋው ናቸው፤ ከጌታሁን ጋር በክንዳቸው ይዘዋት። በኽምጣና አንድ ነገር አሏት፣ እናቴም ፈገግ አለች። ምን እንዳሏት አልሰማሁም።

ደሴ እያለን አያ ፀጋው ሳይደውሉ የቀሩበት ቀን የለም። ዘመድ ሁሉ አንዴ ደውሎ «እግዜር ይማራት» ብሎ ዘጋ። እሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት ነው።

«እንዴት አደረች?»

«ደህና ናት አያ ፀጋው። ዛሬ ትንሽ አጥሚት ቀመሰች።»

«ትናገራለች?»

«ትናገራለች፤ ግን ቶሎ ይደክማታል።»

«ሐኪሙ ምን አለ? ደጋግመሽ ጠይቂው እንጂ፤ እነሱ ካልጠየቅሻቸው አይናገሩም።»

እጠይቃለሁ፤ የነገሩኝንም አንድ ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ። ጎናችን የተኛችው ሴትዮ አስታማሚ «አባትሽ ናቸው?» አለችኝ አንድ ቀን። «አዎ» አልኳት። ማብራራት ከብዶኝ አልነበረም። እንደዚያ ስለተሰማኝ ነው።

በመጨረሻ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ቤቷ ብታርፍ ይሻላል አለኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የመጀመሪያ የደወልኩት ለማን እንደሆነ መገመት ይቻላል። እያለቀስኩ «አያ ፀጋው፣ ከዚህ ሳምንት አታልፍም አሉኝ» አልኳቸው።

«መቼ ትነሳላችሁ?» አሉኝ።

«ነገ በጠዋት።»

«አትቸኩሉ ልጄ። መንገዱ ያንገላታታል። ወልድያ ላይ እደሩና ዐርፋ ትግባ። እኔ እዚህ ሁሉን አሰናዳለሁ።»

ምክራቸውን ሰምቼ ወልድያ አደርን። እናቴን ትራስ አስደግፌ፣ ለእኚህ ሰው ዕድሜ እየለመንኩ አደርኩ።

ሰቆጣ ገብታ በማግሥቱ በገዛ አልጋዋ ላይ ዐረፈች። እውነትም ሁሉን አሰናድተው ነበር። ድንኳኑን ያስተከሉት፣ ካህናቱን የጠሩት፣ ከገጠር ለመጡት ዘመዶች ማረፊያ የፈለጉት እሳቸው ናቸው። ቀብሩ ላይ በዱላቸው ተደግፈው ሲያለቅሱ ሰው ሁሉ አያቸው። እኔ እንዳልወድቅ የያዙኝም የእሳቸው እጆች ነበሩ።

ለቅሶው አብቅቶ ድንኳኑ በተነቀለ ማግሥት፣ ግቢ ስጠርግ አንድ የማላውቀው ሰው በሩን ገፍቶ ገባ። ሜትር ይዟል። ሰላም ብሎኝ ከሱቁ ጥግ ጀምሮ መለካት ያዘ።

«ወንድሜ፣ ምን ፈልገህ ነው?»

«ለመሠረቱ ነው። ባለቤቱ ለካ ብለውኝ ነው።»

«የቱ ባለቤት?»

ሰውዬው ሜትሩን ይዞ ቀና አለና አየኝ። ጥቁር ልብሴን አየ። «ይቅርታ እህቴ፣ ለቅሶው እስኪያልቅ ጠብቁ ተብለን ነው የቆየነው። አልተነገረሽም?» አለኝ።

ጌታሁን ከቤት ሲወጣ ፊቱን ዐይቼ ገባኝ። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ምን አደረግህ አልኩት። ቤቱን በውክልናው ለአንድ የወልድያ ነጋዴ ሸጦታል። ዋናው ገንዘብ ወደሚያሻግሩት ሰዎች ሄዷል። ገዢውን ያመጡት አያ ፀጋው ናቸው። ውሉን ያስጨረሱት፣ ማዘጋጃ ቤት ይዘውት የተመላለሱት፣ እኔ እያለቀስኩ የደወልኩላቸው ዕለት «ነገ ካልፈረምህ አለቀ» ብለው ከተኛበት ያስነሱት እሳቸው ናቸው። ውክልና የሚሠራው የሰጠው ሰው በሕይወት እስካለ ብቻ ነው። እናታችን ከሞተች ቤቱ የወራሾች ይሆናል፣ የእኔም ፊርማ ይጠየቃል። ስለዚህ የእናቴ ትንፋሽ ሳይቆም ማለቅ ነበረበት። አልቋልም፤ እኛ ወልድያ ባደርንበት ቀን።

«ለየሺ እንንገራት አልኳቸው እኮ» አለኝ ወንድሜ መሬት መሬት እያየ። «"ከነገርናት ታስቆመዋለች" አሉኝ።»

መጥረጊያውን ጥዬ በባዶ እግሬ ሄድኩ። አያ ፀጋው ቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሙሉ አጠገባቸው የሽሮ እህል ትለቅማለች። ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ሁልጊዜም ሰው ሲመጣ ይነሣሉ።

«ሰምተሻል» አሉኝ።

«እውነት ነው?»

«ቁጭ በይ ልጄ።»

«እውነት ነው ወይ?»

«ቤቱ መሸጡ አይቀርም ነበር የሺ። ወንድምሽ ልቡ ከሸፈተ ቆይቷል። እኔ ባላመጣ ሌላ ደላላ ይመጣል፤ በርካሽ ያስበላችሁ ነበር። እኔ ደህና ዋጋ ነው ያወጣሁለት። እናትሽ ከቤቷ ወጥታ እንድትቀበር፣ ለቅሶው በገዛ ግቢያችሁ እንዲሆን ገዢውን ለምኜ ያስጠበቅሁት እኔ ነኝ።»

«ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ታስቆሚው ነበር።»

«አዎ አስቆመው ነበር!»

«እሱን ነው የምልሽ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳይለውጡ። በዚህ ዓይነት ድምፅ ነበር ስለ ጣራና ስለ ግድግዳ የሚያስተምሩኝ።

ያኔ ከአፌ የወጣውን አስቤ አልተናገርኩትም። «አንተ» አልኳቸው። ለእሳቸው ቀርቶ በእሳቸው ዕድሜ ላለ ለማንም ብዬው አላውቅም። «አንተ፣ የገዛ ልጅህ ባሕር ላይ የት እንደገባ ሳታውቅ ወንድሜን በዚያው መንገድ ሰደድከው?»

የሙሉ ሰፌድ ከእጇ ወደቀ። አያ ፀጋው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ዱላቸውን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና መሬቱን ያዩ ጀመር። ጣራ ሲያይ የኖረ ሰው መሬት ሲያይ ያኔ ገና አየሁ።

ከዚያ በኋላ ያልሄድኩበት የለም። ጠበቃ ጠየቅሁ፤ ሽማግሌ አስቀመጥኩ። እናትየው በሕይወት ሳለች በሕጋዊ ውክልና የተደረገ ሽያጭ ነው፣ የሚነካ ነገር የለውም ተባልኩ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ከመካከላቸው ሁለቱ በአያ ፀጋው በኩል ቤት የገዙ ነበሩ። ገዢው ቤቱን አፈረሰው፤ አባቴ የስፌት መኪናውን ያቆምበት የነበረው ጥግ ላይ የአሸዋ ክምር ተራገፈ። ወንድሜ ሄደ። የመን ሆኖ አንድ ጊዜ ደውሎልኛል፤ ድምፁ ይቆራረጥ ስለነበር «ደህና ነኝ» ያለው ብቻ ነው የተሰማኝ። ከዚያ ወዲህ የማላውቀው ቁጥር በስልኬ ሲመጣ እሱ ይመስለኝና ሁለቴ ሳይጠራ አነሣዋለሁ።

ከአያ ፀጋው ጋር መንገድ ላይ እንገናኝ ነበር። ጋቢያቸውን ወረድ አድርገው ጎንበስ ይሉልኛል። እኔ አልፋቸዋለሁ። ሥራዬን ግን አልተውኩም፤ ለብቻዬ ቀጠልኩ። ከእሳቸው የተማርኩትን ሁሉ እጠቀምበታለሁ። በሽተኛ ልጠይቅ ስሄድ ግን ከቤት ንግድ ጋር ንክኪ ከሌላቸው ሰዎች ጋር ነው የምሄደው፣ ከታመመ ሰው ቤት የሰማሁትንም ለሥራ አላውለውም። ይህን ለራሴ የደነገግሁት እሳቸው ካደረጉብኝ በኋላ ነው።

ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ የንስሐ አባታቸው ቤቴ መጡ። «ፀጋው ታሟል። ሥጋ ወደሙ ሊቀበል ነው፤ ይቅር በይኝ ብሎሻል» አሉኝ።

«ምን በድያታለሁ አሉ አባቴ?»

«እሱን አላለኝም። "እሷ ታውቀዋለች" ነው ያለኝ።»

«እንግዲያው ራሳቸው ይንገሩኝ» አልኩና ነጠላዬን ለብሼ ተነሣሁ።

አልጋ ላይ ቁመታቸው ብቻ ነበር የቀረው። ሙሉ ወንበር አቀረበችልኝና ወጣች። እጄን ያዙ፤ አልነጠቅኋቸውም። ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ስለ ጌታሁን ጠየቁኝ። «ወሬ አለው?» ሲሉኝ «የለውም» አልኩ፤ ዐይናቸውን ጨፈኑ። «እናትሽ ጥሩ ሴት ነበረች» አሉኝ። እኔ ግን የመጣሁት ሌላ ነገር ለመስማት ነበር፤ ጠበቅኩ።

«እርስዎ የሚነግሩኝ ነገር አለ ተብዬ ነው የመጣሁት» አልኳቸው። አፌ ሳላስበው ወደ አንቱታው ተመልሶ ነበር።

«የሺ» አሉና ትንፋሽ አጠራቸው። «ያን ጊዜ ደሴ... ጠዋት ጠዋት ስደውልልሽ...»

«እ?»

«ለቤቱ ብቻ አልነበረም።»

የትኛው ጥሪ ለእናቴ፣ የትኛው ለቤቱ እንደነበረ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን ሳየው እሳቸውም ለይተው የሚያውቁት አልመሰለኝም። በዚህ መካከል ሙሉ መድኃኒታቸውን ይዛ ገባች። ቀና አድርጋ ስትይዛቸው ውሃውን እኔ አጠጣኋቸው። ሲውጡ ዐይናቸው እኔ ላይ ነበር። «ይፍታዎ» ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ቃሉ ግን አልመጣልኝም። ብርጭቆውን ለሙሉ ሰጥቼ ወጣሁ።